የቡሽ ዛፎቹና ቢጫው ምራቅ

ልጅ ሳለሁ በግቢያችን አንድ ሽታ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ደስ ሲል!» ይለዋል፣ እኔን ግን ያንገሸግሸኝ ነበር። ሽታው የሚመጣው ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ጫካ ግርጌ ባለው የቀበሌ ግቢያችን ጥግ ላይ ተጠጋግተው ከቆሙ ሦስት ዛፎች ነው። ቅጠላቸው ሲታሽ መጀመሪያ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ቆየት ሲል ግን ቀለም ቀቢዎች እጃቸውን የሚያጸዱበትን አኳራጅ ይሸታል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ አተር የሚያህሉ ጥቋቁር ፍሬዎች ያረግፋሉ፤ ፍሬዎቹ ሲረገጡ ፈርጠው ተረከዝ ላይ ይጣበቁና ሽታቸው እስከ አልጋችን ድረስ ይከተለን ነበር።

ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ግቢው ድሮ የአንድ ፈረንጅ ነበር ይባላል፤ እሱ ከየት እንዳመጣቸው ሳይናገር ተክሏቸው፣ ስማቸውንም ለማንም ሳይነግር አገሩ ገባ። ቅርፊታቸው ወፍራምና የተሰነጣጠቀ ሆኖ ሳለ በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ጠርሙስ ቡሽ ሰመጥ ብሎ ይመለሳል፤ ስለዚህ እኛ ልጆች የቡሽ ዛፎች አልናቸው። ዙሪያውን ያለው ባሕር ዛፍና ጥድ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይከርማል፤ እነሱ ግን መስቀል ካለፈ በኋላ ቅጠላቸው ቢጫ ይሆንና ኅዳር ላይ እርቃናቸውን ይቀራሉ።

የዛፎቹ ጌታ አባባ ጥላዬ ነበሩ። ጌታ ስል በወረቀት አይደለም፤ የፈረንጁ ዘበኛ ሆነው ኖረው፣ ግቢው ተወርሶ ለእኛና ለጎረቤቶቻችን ሲከፋፈል እሳቸው በበሩ አጠገብ ባለችው የዘበኛ ክፍል ቀሩ። ያኔ መብራት በየምሽቱ ማለት ይቻላል ይጠፋ ስለነበር፣ እራት ከተበላ በኋላ ሰው ምድጃውንና ኩራዙን ይዞ ወደ ዛፎቹ ሥር ይወጣል፤ ልጆች በፍሙ ላይ በቆሎ እንጠብሳለን፤ አባባ ጥላዬም በመካከለኛው ዛፍ ተደግፈው በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ።

ተረት ከመጀመራቸው በፊት ሰንጢያቸውን አውጥተው ከዛፉ ላይ ይልጣሉ። ከቡሹ ሥር ያለው ልጥ እንደ እርድ ቢጫ ነው። እሱን በጉንጫቸው ይይዙና እያላመጡ ያወራሉ፤ ከንፈራቸው፣ የጺማቸው ጫፍ፣ ጥፍራቸው ሁሉ ቢጫ ነበር። ታሪኩ የሚያስደነግጥ ቦታ ሲደርስ ድንገት ዝም ይሉና ወደ ምድጃው «እንትፍ!» ይላሉ። ፍሙ ጭስስ ይላል፤ መራራ ጭስ ይነሳል፤ ሰው ደንግጦ ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር። በቆሎዬ እዚያው ፍም ላይ ነው ያለው። ሁልጊዜ ከምድጃው ማዶ፣ ከምራቃቸው ርቆ፣ ግማሽ ጥሬ ሆኖ ይቀራል እንጂ ወደ መሀል አላስጠጋውም። እስከ ዛሬም ተጠብሶ የጠቆረ በቆሎ አልበላም።

ግን አልዋሽም፤ ተረት ያውቁበት ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ እንደ እኛው ሁሉ የግቢው ውሾችም ጆሯቸውን የሚያቆሙ ይመስለኛል። ከሁሉም የምንወደው የወፏን ነበር፤ እኔም ሳይቀር።

ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን ይተኛ በነበረበት ዘመን፣ ይሉ ነበር፣ ጎጆ የሌላት አንዲት ቢጫ ወፍ ነበረች። ሌሊት ሌሊት በተኙት ሰዎች ዓይን ውስጥ የራሷን መልክ ታይና ዘመዷን ያገኘች መስሏት እዚያው ታድራለች። ጠዋት ሰውየው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ይነሳል። ሕዝቡ ተቆጥቶ በጦር ወጋት፤ በእሾህ ወጋት፤ ግን በተወጋች ቁጥር ቢጫዋ ይረጫል፣ ያደረችበትም ሰው ይሞታል። በመጨረሻ ሦስት እህትማማች ዛፎች አዘኑና «እኛ ዘንድ ትደር» አሉ። ጉያቸውን ከፍተው አስገቧት፤ ዳግመኛ እንዳትወጣም ወፍራም ካባ ደረቡባት። ቡሹ ካባቸው ነው። ውስጣቸው ቢጫ የሆነው እሷ ስላለች ነው። በየዓመቱ ለመውጣት ስትንፈራገጥ ቅጠላቸውን ታራግፋለች፤ ያ ሽታም የእሷ ኩስ ሽታ ነው። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሽማግሌ ምራቅ። ምራቅ ምርቃት ነውና። እንትፍ! ይሉና፣ «ተረቴ አለቀ፤ ወፏ ግን አላለቀችም» ብለው ኩራዛቸውን ያነሳሉ።

እኔ በማግስቱ ጆሮዬን በቡሹ ላይ ለጥፌ አዳምጥ ነበር። ክንፏ ሲራገብ ሰምቻለሁ ብዬ የማልኩበት ቀንም አለ።

እህቴ አስናቀች፣ በቤት ስሟ አስኒ፣ ያን ዓመት ለማትሪክ ፈተና ትዘጋጅ ነበር። ከእኔ በብዙ ትበልጣለች፤ ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ የቤት ሥራዬን የምታየው እሷ ናት፤ አባዬ ሲቆጣ የምደበቀውም ከእሷ ኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ጸጉሬን ስትሠራኝ በእጄ በያዝኩት መስታወት ፊቷን አየሁት። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ወዲያው ያሰብኩት በሽታ አልነበረም። ወፏ እኛ ቤት አደረች ብዬ ነው የጮህኩት።

እማዬ ነጠላዋን አነሳች። «ጳውሎስ ሆስፒታል አፍንጫችን ሥር ነው፤ አሁኑኑ እንውሰዳት» አለች።

አባዬ ሸማኔ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ሲሠራ የሚውል፣ የጨረሰውን ጋቢ ሽሮ ሜዳ ላሉ ሱቆች የሚያስረክብ፣ ድምፁ እምብዛም የማይሰማ ሰው። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆመ። «የወፍ በሽታ ነው። መርፌ ከነካት አለቀላት» አለ። ጎረቤቶች ተሰብስበው ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ በላይነሽ የምትባለው ጎረቤታችን «የአክስቴን ልጅ ወግተው አይደል እንዴ የጨረሱት!» ብላ አለቀሰች። ይህን እምነት አባባ ጥላዬ አልፈጠሩትም፤ ከእሳቸው በፊትም ነበረ፣ ዛሬም አልጠፋም። እሳቸው ያደረጉት ክንፍ መስጠት ነው። አባዬም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር።

አስኒን ደግፎ ወደ ዛፎቹ ሥር ወሰዳት። «አባባ፣ ልጄን ያድኑልኝ» አላቸው።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ የአባባ ጥላዬን ፊት አልረሳውም። ማላመጥ አቆሙ። ለአፍታ እንደ መደንገጥ አሉ፤ አንድ ቃል፣ «ተረት እኮ ነው» የሚል ቃል፣ ከጥርሳቸው ኋላ መጥቶ የቆመ ይመስል ነበር። ከዚያ ቀና ብለው ግቢውን አዩ። ሁሉም ሰው እየጠበቃቸው ነው። ያን መጠበቅ ወደዱት። «አምጧት» አሉ።

መድኃኒቱ የሚሰጠው ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳትቀምስ ነበር። ከመካከለኛው ዛፍ ይልጣሉ፣ ያላምጣሉ፣ አላምጠው አላምጠው ሲያበቁ ወደ ጣሳው ይተፉታል። ከላዩ ጥቂት ውሃ ይጨምሩበታል። አረፋው ከላይ ይንሳፈፋል፤ አንዳንዴ ዝልግልግ ክር ከከንፈራቸው እስከ ጣሳው ድረስ ይወርድና በጣታቸው ይቆርጡታል፤ ጣታቸውንም በጣሳው ጠርዝ ይጠርጉታል። «በስመ አብ» ብለው ይሰጧታል። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አስኒ አፍንጫዋን ይዛ ስትጠጣ ዓይኗ ከጣሳው በላይ እኔን ያየኝ ነበር። እንዳታስመልስ አፏን በእጇ ትይዛለች፤ ካስመለሰች ወፏ ትመለሳለች ተብላለች። 

ወሬው ወጣ። ከቀጨኔ ዳገት ድረስ ሰው ጣሳ ይዞ ይመጣ ጀመር፤ የሆድ ቁርጠት ያለበትም፣ እንቅልፍ ያጣውም፣ ምንም የሌለበትም። መራራ ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው የሚል ሕዝብ ስለሆንን፣ የመረረው ሁሉ ያሻረው እየመሰለው ይሄዳል። ማታ ማታ ተረቱ እየረዘመ ሄደ፤ ወፏ አሁን እናት አላት፣ ዛፎቹም ስም አላቸው፣ አባባ ጥላዬም ራሳቸው ተረቱ ውስጥ ገብተዋል። ዛፎቹ ከሥራቸው ዙሪያውን ተልጠው ቢጫ ሥጋቸው ተገልጦ ይታይ ነበር። ሽታው በረታ። ዝንብ ወረራቸው።

አስኒ ግን አልተሻላትም። ሰውነቷን ያሳክካታል፤ በጥፍሯ ቧጥጣ ታደማዋለች። የላሰችው አይረጋላትም። ደብተሮቿ አልጋዋ ሥር እንደተዘጉ ቀሩ። አንድ ማታ ሰው ውጭ ተሰብስቦ ሲስቅ እሷ ከውስጥ በደከመ ድምፅ «በሩን ዝጊልኝ፤ ድምፃቸው አፌን ያመርረኛል» አለችኝ።

ትምህርት ቤቴ ከጳውሎስ ማዶ ስለነበር ስመለስ በሆስፒታሉ በር ነው የማልፈው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በታክሲዎቹና በጀብሎ ነጋዴዎቹ መሀል ስሹለከለክ አባባ ጥላዬን ከበሩ ሲወጡ አየኋቸው። የግራ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ተጠቅልሏል፤ ክንዳቸውን አጥፈው በመታጠፊያው ላይ ጥጥ ይዘዋል፤ በሌላው እጃቸው የፋርማሲ ፌስታል አንጠልጥለዋል። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ዓይናቸው ቢጫ ነበር። በምሽትና በንጋት፣ በኩራዝ ብርሃን ብቻ ስለማያቸው አላስተዋልኩም ነበር፤ በኩራዝ ብርሃን የሁሉም ሰው ዓይን ቢጫ ነው።

«አባባ፣ ወጉዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«እ... ደም ሰጥቼ ነው፣ ለምርመራ። ትንሽ መርፌም... በቃ፣ ምንም አይደል።»

«ወፏ አትወጋም አላሉም? አስኒንስ?»

ግራ ቀኝ አይተው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ያ የአኳራጅ ሽታ ከአፋቸው መጣ። «ልጄ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ተረት ሌላ፣ ደዌ ሌላ።» ከዚያ ከኪሳቸው አንድ ከረሜላ አውጥተው በመዳፌ አስቀመጡና ጣቶቼን በጣቶቻቸው ዘጓቸው። «አባትሽ ዘንድ እንዳታነሺ።»

ከረሜላው ላይ የቅርፊት ፍርፋሪ ተጣብቆበት ነበር። ቱቦ ውስጥ ወረወርኩት፤ እጄን በግድግዳ ላይ አሸሁት፤ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ልጅ ነበርኩ፤ ነገሩ ሁሉ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ለራሳቸው መርፌ፣ ለእህቴ ምራቅ። 

እማዬ ጥጥ ትፈትል ነበር። ስነግራት እንዝርቷን አቆመች። «በዓይንሽ ነው ያየሽው?» አለችኝ። በዓይኔ ነው አልኳት። ተነስታ አባዬ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመች።

«ተነስ፤ ልጄን ሆስፒታል ልወስዳት ነው።»

«መርፌ...»

«ጥላዬ ተወግቶ በእግሩ ቤቱ ገብቷል።» አንቱታውን ያን ቀን ጣለችው፤ ዳግመኛም አላነሳችውም።

«ልጅ ያወራችውን ይዘሽ ነው?» አላት አባዬ።

«ልጅ ያወራችውን አላምንም ካልክ፣ ሽማግሌ ያወራውን ለምን አመንክ?»

አባዬ መወርወሪያውን አስቀምጦ ወጣ። አስኒ መቆም ስላቃታት በጀርባው አዘላት፤ ለልጅ እንደሚደረገው በጋቢ አሰርናት። ጳውሎስ ደርሰን ሐኪሟ ምን እንደጠጣች ስትጠይቅ እማዬ «ምራቅ» አለች። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ጉሉኮስ አዘዘች። ጉሉኮሱ ሲተከል አባዬ ከበሩ ጋ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ልጁ እስክትሞት እየጠበቀ ነው። መርፌው ገባ። አባዬ ዓይኑን ቢከፍት አስኒ ቀና ብላ እያየችው ነው። «አባዬ፣ ውሃ» አለችው። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

አስኒ ዳነች። ፈተናው ግን አመለጣት፤ ከርማ በሚቀጥለው ዓመት ተፈተነች። እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር።

ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን ግቢው ውስጥ አዲስ ወሬ ተጸነሰ። ቅርፊቱ ወፏን ባያደክማት ኖሮ መርፌው ይገድላት ነበር፣ አሉ። ያዳናት አባባ ጥላዬ ናቸው፣ ሐኪሞቹ የጨረሱት የእሳቸውን ሥራ ነው፣ አሉ። በጋቢ አዝሏት የሮጠው የገዛ አባቴም ይህን አመነ። ለምን እንዳመነ ዛሬ ይገባኛል፤ ካላመነ ልጁን በገዛ እጁ ወስዶ ምን እንዳስጠጣት ማሰብ ሊኖርበት ነው። ለገበያ ሳይሆን ለአስኒ ሠርግ ብሎ የሸመነውን ወፍራም ጋቢ አጥፎ ያዘና ወደ ዛፎቹ ሥር ሄደ።

ምሽት ነበር፤ ሰው ሁሉ አለ። አባባ ጥላዬ ዓይናቸው ጠርቷል፤ የሐኪም ኪኒን ሠርቶላቸዋል። ጋቢውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «እኔ ምን አደረግሁ፣ እሱ ነው» ብለው ወደ ሰማይ አሳዩ፤ ከዚያ ደረቡት፤ ከዚያ አባቴን ጎንበስ አድርገው በራሱ ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት። ቢጫ ነጠብጣብ ጸጉሩ ላይ ቀረ። አባቴ «አሜን» አለ። አባባ ጥላዬ በእሱ ትከሻ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝና ፈገግ አሉ፤ ምስጢር እንዳለን፣ እንደ ወዳጅ። ከብዙ ዓመት በኋላም ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ፤ ያን ፈገግታ ያህል የቀፈፈኝ ግን የለም።

ዛፎቹ በተከታዩ ዓመት ቅጠል አላወጡም። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ እንደማይድን ያኔ ማንም አልነገረንም፤ ወይም የነገረን ሰው ተረት ስለማያውቅ አልሰማነውም። ደርቀው ቆሙ፤ ቡሹ እየተገነጠለ ወደቀ፤ በመጨረሻ ማገዶ ሆኑ። ሲነዱ ያ ሽታ ለመጨረሻ ጊዜ መጥቶ ግቢውን ሞላው። አባባ ጥላዬም ከዓመታት በኋላ በእርጅና አረፉ። ለቅሶው ላይ ሰው ተረታቸውን እያነሳ ሳቀ፣ አለቀሰ። እማዬ ሄዳ ተቀመጠች፤ ቀብራ ተመለሰች፤ ስለ እሳቸው አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

እና ምን ቀረ? የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ተረቱ ቀረ። ልጄ ብሌን መኝታ ላይ ሆና «እማ፣ ተረት» ስትለኝ ሌላ ተረት እፈልጋለሁ፤ ከመጽሐፍ አነባለሁ፤ ከስልክ አስደምጣታለሁ። አይሆንም። ሰውነቴ ውስጥ የገባው የእሳቸው ነው፤ ድምፄን ዝቅ የማደርግበት ቦታ፣ ዝም የምልበት ቦታ፣ ሁሉም ከዚያ ቢጫ አፍ የተማርኩት ነው። አንድ ማታ ተሸነፍኩና የወፏን ነገርኳት። ሥራ ቦታዋ ቅርብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እኛ ዘንድ የምታመሸው አስኒም በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የምራቁ ቦታ ስደርስ ተረቱን ትቼ ብርድ ልብሷን ማስተካከል ያዝኩ።

ብሌን ከብርድ ልብሷ ቀና አለች። «ከዚያስ? ሰዎቹ ዳኑ?»

አስኒን አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ልክ ያኔ ከጣሳው በላይ እንዳየችኝ። አባባ ጥላዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ፍም ዙሪያ፣ ጮክ ብለው ሊናገሩት ሲገባ በሆስፒታል በር ላይ ለአንዲት ልጅ ብቻ ሹክ ያሏትን ቃል አፌ ላይ አገኘሁት። በሕይወታቸው የተናገሩት ብቸኛ እውነት እሱ ነበር፤ ለእሱም ከረሜላ ከፍለው ደበቁት።

«ከዚያ» አልኳት፣ «ዛፎቹ ‘እኛ ዛፎች ነን፤ ልጅቱን ሐኪም ቤት ውሰዷት’ አሉ። ተረት ሌላ፣ ደዌ ሌላ።»

አሁን ብሌን ይህን የተረቱ መዝጊያ አድርጋዋለች። እኔ ጫፉ ላይ ስደርስ ቀድማኝ በጩኸት ትለዋለች፤ አስኒም ከማእድ ቤት ሆና ትቀበላታለች። እኔ ግን ተረቱን በጨረስኩ ቁጥር ተነስቼ አፌን እጉመጠመጣለሁ።